ቤቱ የእኛ፣ መሬቱ የሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ እንግሊዝ አገር ቤት ከገዛሁ 21 ዓመት ሆኖኛል። ድሮ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) የነበረ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ነው። የሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ዕዳ ጨርሼ እፎይ ባልኩ በዓመቱ መሬቱ የእኔ እንዳልሆነ አወቅሁ።

ነገሩ የመጣው ማድ ቤቱን ወደ ጓሮ ልናሰፋ ስንነሳ ነው። ግንበኛው «ፍሪሆልድ ነው ሊዝሆልድ?» አለኝ። «ገዝቼዋለሁ እኮ!» አልኩት። ለካ ፍሪሆልድ ማለት ቤቱም መሬቱም የራስህ ሲሆን ነው፤ ሊዝሆልድ ወይም ሊዝ ግን መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቤቱን ለተወሰነ ዓመት ብቻ መያዝ ነው። ማታ ልጄ 7 ፓውንድ ከፍላ የቤቱን መዝገብ ከላንድ ሬጅስትሪ (ከመሬት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት) አወረደችው። ፕላኑ ላይ ቤቱም ጓሮውም፣ ጤና አዳም የተከልኩባት ጥግ ሳትቀር፣ በቀይ መስመር ተከቧል። መዝገቡ ላይ ግን «ሊዝሆልድ» ይላል፤ በፈረንጆቹ 1978 ለ99 ዓመት የተሰጠ። ቁጭ ብለን ቆጠርን። ሃምሳ ምናምን ዓመት ብቻ ቀርቶታል።

ስንገዛ ጉዳዩን የያዘልን ሶሊሲተር (ጠበቃ) ይህን አንድም ቀን አፍ አውጥቶ አልነገረንም። ወረቀቱ ውስጥ ይኖር ይሆናል፣ እኛ ግን ፈርሙ የተባልነው ቦታ ላይ ፈረምን።

ብዙ ወገኖቼ የካውንስል ቤት ሲሸጥ መሬቱም አብሮ የሚሸጥ ይመስላቸዋል። ከ1980ው ሕግ ወዲህ ተከራዮች በቅናሽ ሲገዙ፣ ካውንስሉ መሬቱ የራሱ ከሆነ ሙሉ ቤት በአብዛኛው በፍሪሆልድ ነው የሚሸጠው። ካውንስሉ ራሱ በሊዝ የያዘው መሬት ከሆነ ግን ከሊዝ ሌላ የሚሸጠው የለውም፤ ከ1980 በፊት በሊዝ የተሸጡም አሉ። ስለዚህ ጎረቤቴ እንዲህ ነው ብላችሁ አትተኙ። የራሳችሁን መዝገብ እዩ።

መሬቱን ልግዛ ብዬ ለባለመሬቱ ደወልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋ የተጻፈበት ደብዳቤ መጣ፣ «በዚህ ቀን ካልተስማማህ ዋጋው ይጨምራል» የሚል። እውነቱን ልናገር፣ ልፈርም ነበር። እግዜር ይስጣት፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ሰርቬየር (የቤትና የመሬት ዋጋ ገማች) ሳታማክር እንዳትነካው» አለችኝ። ሰርቬየሩ የገመተው ደብዳቤው ላይ ካለው ከግማሽ በታች ነበር!

ለካ ሕግ አለ። በ1967 የወጣው ሕግ፣ መጀመሪያ ሲሰጥ ከ21 ዓመት በላይ በሆነ ሊዝ ቤት የያዘ ሰው በአብዛኛው ፍሪሆልዱን የመግዛት መብት ይሰጠዋል። ፍሪሆልዱን ልግዛ የሚለውን መደበኛ ማስታወቂያ በሕጉ መሠረት ካስገባችሁ ባለመሬቱ በሁለት ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ በዋጋ ካልተስማማችሁ ትሪቡናል (እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኝ ችሎት) ይወስናል። በደብዳቤ ብቻ ስትደራደሩ ግን ያሻውን ይጠራል፣ ሲፈልግም ሐሳቡን ይቀይራል። ድሮ ቤቱን ከያዛችሁ ሁለት ዓመት መሙላት ነበረበት፣ ያ ከጃንዋሪ 31፣ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ወጪ አለው፣ አልደብቅም፤ የራሳችሁ ብቻ ሳይሆን የባለመሬቱ ተገቢ የሕግና የግምት ወጪም በእናንተ ላይ ነው። እኔም ከፍያለሁ። ደብዳቤው ላይ ከነበረው ጋር ሳስተያየው ግን አልቆጨኝም።

ፍላት (አፓርታማ) ያላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ፍሪሆልዱን ብቻችሁን መግዛት አይሆንም፣ ቢያንስ የሕንፃው ግማሽ ፍላቶች መተባበር አለባቸው።

«ግራውንድ ሬንቱ (የመሬቱ ኪራይ) በዓመት ጥቂት ፓውንድ ናት፣ ምን አስጨነቀህ?» ያሉኝ አሉ። የሚያስጨንቀኝ ኪራዩ አይደለም። ሊዙ ባጠረ ቁጥር ፍሪሆልዱ ይወደዳል፣ ብዙ ባንኮችም አጭር ሊዝ ላለው ቤት አያበድሩም፤ ስለዚህ ልጆቼ ልሽጠው ቢሉ ማን ይገዛቸዋል? ማድ ቤት ለማስፋት እንኳ ፈቃድ ጠይቄ ለፈቃዱ ክፈል ተብያለሁ፣ 21 ዓመት በኖርኩበት ቤት!

ጋዜጣችሁን የሚያነቡ፣ እንግሊዝኛው የሕግ ወረቀት የሚከብዳቸው ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። እባካችሁ አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዛችሁ ይህንን በአማርኛ አስረዱልን፤ እኔም ወረቀቶቼን ይዤ ብትጠሩኝ እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከእንግሊዝ