የጣሳ ምግብ ሳይሞቅ ቢበላ የሚጎዳው መቼ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ክረምት በነሐሴ ወር፣ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ ከተማ ያለንበት ሰፈር መብራት ለአራት ቀን ጠፍቶ፣ ከሰልም በዝናቡ ምክንያት ከገበያ በጠፋበት ሰሞን፣ አንዲት ጎረቤቴ የገጠማቸውን ነገር መነሻ አድርጌ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድሁ። እኒህ እናት ከልጆቻቸው የተላከላቸው በርከት ያለ የታሸገ ምግብ በቤታቸው ነበራቸው፤ የፍልሰታ ጾም ስለነበር ሰርዲኑንና ቱናውን ትተው የባቄላውን ጣሳ አወጡ። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ውስጥ የከረመ ምግብ እሳት ካልነካው መርዝ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ የቀረቻቸውን ጥቂት ፍም ሰብስበው ጣሳውን እንደታሸገ መካከሏ ላይ አስቀመጡት። ጥቂት ቆይቶ ጣሳው በታላቅ ድምፅ ፈነዳና የጋለው ባቄላ አጠገብ ተቀምጦ የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ክንድ አቃጠለው። ልጁ አሁን ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሙያ በጎጃም ወረዳዎች ስሠራ ስለኖርሁ፣ ጎረቤቶቼ የዚያን ዕለት ማታ «ለመሆኑ ቀዝቃዛውን ብንበላው ኖሮ ምን እንሆን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ጣሳው ደኅና እስከሆነ ድረስ ምንም አትሆኑም ነበር ብዬ መለስሁላቸው። አላመኑኝም። ሌላውም አንባቢ እንደማያምነኝ ስለምገምት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ከፋብሪካ የሚመጣ የጣሳ ምግብ ጥሬ አይደለም። ምግቡ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ከታሸገ በኋላ፣ ጣሳው ራሱ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ትልቅ ማብሰያ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ባቄላ፣ ሥጋና ዓሣ ያሉት ኮምጣጣነት የሌላቸው ምግቦችም ብዙውን ጊዜ ከ116 እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት እዚያው ይበስላሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ክፍት ድስት ውስጥ የጣድነው ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ጣሳው ፋብሪካ ውስጥ ያየውን ሙቀት በእኛ ምድጃ ላይ የተጣደ ክፍት ድስት ሊያሳየው አይችልም። ምግብን በታሸገ ዕቃ ውስጥ አብስሎ የማቆየትን ዘዴ ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር በ1810 በአውሮፓ አቆጣጠር በመጽሐፍ ሲያሳትም ዘዴው ለምን እንደሚሠራ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱን፣ ማለትም ሙቀቱ ምግብ የሚያበላሹትን ተህዋስያን እንደሚገድል፣ ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር ያብራራው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ የባቄላውን፣ የሽምብራውን፣ የሰርዲኑን፣ የቱናውንና የአናናሱን ጣሳ ከፍቶ እንዳለ መብላት ይቻላል። የሥጋው ስብ በደጋ ብርድ ረግቶ ነጭ መስሎ ቢታይም ለዓይን ደስ አይል እንደሆነ እንጂ ጉዳት የለውም። በአንጻሩ ቀዝቃዛውን ፈርቶ፣ ዝናብ በመጣ ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል አስገብቶ ምግብ የሚያሞቅ ቤተሰብ ከምግቡ በላይ የሚያስፈራውን የከሰል ጭስ መርዝ ወደ መኝታው እያስገባ ነው።

ታዲያ ያን ያህል ከፍተኛ ሙቀት ያስፈለገው ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ በሚያመጣው ተህዋስ ምክንያት ነው። ይህ ተህዋስ አየር በሌለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ምግብ ውስጥ ይራባል፤ ስፖር የሚባለው ዘሩ በተራ የፈላ ውሃ አይሞትም፤ የሚያመነጨው መርዝም ሽታና ጣዕም ሳይኖረው ሊገኝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ አንዳንዴም ቀናት ይቆያል። የዓይን ቆብ ይከብዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ፋብሪካው አሽጎ ይህን ተህዋስ የገደለበትን ጣሳ ለአደጋ የሚያጋልጠው በኋላ የሚደርስበት ነገር ነው፤ ስፌቱ ተጣሞ ወይም ዝገት በልቶት ከተሸነቆረ አየርና ተህዋስ ይገባል። በመሆኑም ከመክፈታችን በፊት ጣሳውን አገላብጠን እንይ። የሚያፈስ፣ ዳር ስፌቱ ላይ የተጨፈለቀ፣ ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ስርጉዳት ያለው፣ ሲጠርጉት የማይለቅ ዝገት የያዘው፣ ሲከፈት ፈሳሹ የሚረጭ ጣሳ አይበላም። ቀምሶ ማረጋገጥም አይገባም፤ ጥቂት ቅምሻ ይበቃዋልና። ለዶሮና ለውሻም አይጣል።

ያበጠ ጣሳን በተመለከተ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ለዚህ የሚሰጥ ሰበብ አለ። አንድ ነጋዴ ክዳኑ የተነፋ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አሳይቼው «እሱ የከፍታው ጠባይ ነው፤ ከቆላ ሲወጣ ይነፋል» ብሎኛል። ሰውየው ፈጽሞ ዋሽቷል አልልም። ዓባይ በረሃ ውስጥ ድልድዩ አጠገብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደጀን ሲደርስ እንደሚወጠር፣ ደጀን ላይ የተከደነውም ቁልቁል ሲወርዱ እንደሚጨማደድ መንገዱን የሚመላለስ ሰው ሁሉ አይቶታል። በቆላ የታሸገና ውስጡ አየር የቀረበት ጣሳም ደጋ ሲወጣ ክዳኑ ትንሽ ብቅ ሊል ይችላል። ነገር ግን ክዳኑን ያነሣው ከፍታው ይሁን ወይስ ውስጥ የሚራባ ተህዋስ ያመነጨው ጋዝ፣ ገዢው ከውጭ ሆኖ የሚለይበት መንገድ የለውም። ነጋዴውም የለውም። ስለዚህ የተነፋ ጣሳ፣ ሰበቡ ምንም ይሁን ምን፣ መጣል አለበት፤ በችግር ጊዜ ምግብ መጣል ከባድ መሆኑን ሳልዘነጋ ነው ይህን የምለው። «አፍልቼ እበላዋለሁ» ማለትም አያዋጣም። የቦቱሊዝሙ መርዝ ራሱ በደንብ ከፈላ የሚጠፋ ቢሆንም፣ ሌሎች ተህዋስያን የሚተዉት መርዝ፣ በተለይም የተበላሸ ቱና ውስጥ የሚፈጠረው ሂስታሚን፣ እሳት አይበግረውም።

ሳይሞቅ ይበላል ያልሁት ጣሳው ውስጥ የበሰለውን ነው፤ በጣሳ የሚሸጥ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። የዱቄት ወተት፣ በተለይም ለጨቅላ ሕፃናት የሚዘጋጀው፣ በቆርቆሮ ይምጣ እንጂ ከተህዋስ ነጻ የሆነ ምግብ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦና ቶሎ ቀዝቅዞ እንዲሰጥ የሚመክረውም ለዚህ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ቅድሚያ መስጠት ያለብን ለዚህ ነው፤ ያለችን አንዲት ጭልፋ ከሰል ለባቄላ ሳይሆን ለሕፃኑ ወተት ትዋል። የምታጠባ እናት ካለች ግን ከጡቷ የሚሻል የለም፤ ለእርሷ የምግቡን ጣሳ እንክፈትላት። በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣሳም ከመደርደሪያ ጣሳ ጋር አይቆጠርም። በቤት ውስጥ በጠርሙስ የሚታሸገውም ሌላ ነገር ነው፤ በስልክ ቪዲዮ አይተው ፎሶልያና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ሞልተው ለወራት የሚያስቀምጡ ወጣቶች አሉ። በ92 ዲግሪ የተቀቀለ ጠርሙስ ስፖሩን አይገድልም፤ እንዲህ ያለውን ሳያሞቁ መብላት ቀርቶ ባያስቀምጡትም ይሻል ነበር።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ከጉዳዩ ብዙ ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም የማር አገር ነው፤ አዲስ ለተወለደ ልጅ ማር ማቅመስም በየቤቱ ያለ ነገር ነው። የዚሁ የቦቱሊዝም ተህዋስ ስፖር ማር ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት አይገባም።

የጊዜ ማለፊያ ቀን ሌላው መሰናክል ነው። ጣሳው ላይ የሚታተመው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ አንድ ዘመዴ ቤት መደርደሪያ ላይ 2019 የሚል ጣሳ አግኝቼ ስጠይቅ «ገና ነው፤ የሚያልፈው በ2019 ነው» ተባልሁ፤ በእኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ቆመን ማለት ነው። የጣሳው ጊዜ ካለፈ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። 03/2027 የሚል ደግሞ ጊዜው የሚደርሰው መጋቢት 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል ብሎ የሚያስብ ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ቀኑ ጥቂት ያለፈበት ጣሳ፣ አካሉ ደኅና ከሆነ፣ ጣዕሙና ቀለሙ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ በማግስቱ መርዝ አይሆንም፤ የሕፃናት ወተት ግን ቀኑ ካለፈ አይሰጥም።

አሁን ወደ አከፋፈቱ ልመለስ። ጣሳ የሚቆይበት መጋዘን አይጥ የሚሮጥበት ነው፤ ስለዚህ ከመክፈታችን በፊት ክዳኑንና እጃችንን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ውሃ የሚፈላ ከሆነ በእኛ ከፍታ ለሦስት ደቂቃ ሙሉ መንተክተክ አለበት፤ ነዳጅ ከሌለ ውሃ ማከሚያ ክሎሪን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበታል። ጎርፍ የነካው ጣሳ ከሆነ ወረቀቱ ተልጦ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በተበጠበጠበት ዕቃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ የሚዞር ክዳን ያለው ጠርሙስ ግን ጎርፍ ከነካው አይድንም። መክፈቻ ለሌለው ሰው፣ የጣሳው ዳር ስፌት ሻካራ በሆነ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ላይ ተገልብጦ ቢፈገፈግ ስፌቱ አልቆ ክዳኑ ይላቀቃል፤ ከዚያ በፊት ግን ብናኙን መጥረግ ነው። በቢላ ጫፍ እየወጉ መክፈት እጅ ማስቆረጥ ነው። ጣሳ ራሱ ከመክፈቻው ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ የተሠራ መሆኑንና የቀደሙት ወታደሮች በሳንጃ ይከፍቱት እንደነበር ሳስብ፣ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑ ያጽናናኛል።

ከተከፈተ በኋላ ጣሳው እንደማንኛውም የበሰለ ወጥ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት የለበትም። የደጋ ብርድ እንደ ፍሪጅ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ በነሐሴ ጧት እንኳ ቤታችን ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ለዚህ አይበቃም። መብራት በሌለበት ሰሞን ትልቁን ጣሳ ለስድስት ሰው፣ ትንሹን ለሁለት ሰው መክፈትና በአንድ ማዕድ መጨረስ ይሻላል። የባቄላው ውሃ አብሮ የበሰለ በመሆኑ የሚጠጣ ውሃ ሲያጥር ሊጠቅም ይችላል፤ ጨው የበዛበት ከሆነ ግን ጥም ስለሚጨምር፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ቢተወው ይሻለዋል። ማሞቅ ግድ የሚሆንበት ሰው ምግቡን ወደ ድስት ይገልብጥ፤ የጣሳው ውስጠኛ ልባጥ ለእሳት የተሠራ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ እሳት በሌለበት ቀን የእናቶቻችን በሶ ከጣሳው ይበልጣል፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፣ የሚፈልገውም ንጹሕ ውሃና ጨው ብቻ ነው። ጎረቤቴም አሁን በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተው አስቀምጠዋል። ጣሳዎቹም ግን አሁንም መደርደሪያው ላይ አሉ።

በመጨረሻ ለአስመጪዎችና ለሚመለከታቸው ተቆጣጣሪዎች፣ በጋዜጣችሁ በኩል እንዲደርስልኝ የምፈልገው አንድ ጥያቄ አለኝ። ብዙዎቹ ጣሳዎች ላይ ያለው ጽሑፍ ጎረቤቴ በማያነቡት ቋንቋ ነው። ሳይሞቅ የሚበላ መሆን አለመሆኑን፣ ከተከፈተ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበትና የማለፊያውን ቀን በእኛ አቆጣጠር የሚናገር ሦስት መስመር የአማርኛ ወረቀት ጣሳው ላይ ቢለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የታሸገ ጣሳ እሳት ላይ አታስቀምጡ የሚል አራተኛ መስመርም ቢጨመር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የአካባቢ ጤና ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም