«ቻርጅ» ስትሉን የቱን ቻርጅ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው እትም የውጭ ዜና ገጻችሁ ላይ «ሶስት ቻርጅ ቀረበበት» የሚል አነበብኩ፣ ሁለት ገጽ ገለጥ ሳደርግ ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና «ቻርጅ ለማድረግ ሰልፍ» ይላል። እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ትርጉም ቤት ውስጥ ከተቀመጥኩ 17 አመት ሆኖኛል፣ ይቺ ቃል ብዙ ጉድ አሳይታኛለች ስለዚ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አምና ክረምት ላይ አንዲት እናት ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ገቡ። ልጃቸው አረብ አገር ነበረች፣ አሰሪዋ ከሳት ታስራለች። ከዛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ፎቶው በስልክ ተላከላቸው፣ የጎረቤት ልጅ በስልኩ አስተረጎመና «ክፍያዎቹ ወርደዋል» ብሎ አነበበላቸው። እሳቸው የገባቸው የሚከፈል ብር አለ ግን ቀንሷል የሚል ነው፣ በቃ ከእድር ተበደሩ፣ እቁባቸውን ለምነው ቀድመው ወሰዱ፣ የጆሮ ወርቃቸውን ሸጡ፣ ከዛ እኔ ጋ መጥተው «ልጄ ስንት እንደቀነሱልኝ አንብብልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቻርጅ እኮ ክስ ነው፣ ወርደዋል የተባለውም ተነስቷል ማለት ነው። «እማማ ምንም እንዳይከፍሉ፣ ክሱ ተነስቷል» ስላቸው አላመኑኝም፣ «ብር ሳይቀበሉ ይለቁልኛል?» እያሉ ሶስቴ አስነበቡኝ። ልጅቷ መስከረም ላይ ገባች ተመስገን ነው፣ የእድሩም ብድር ተመለሰ፣ ወርቁ ግን ቀረ።

ቃሏ ራሷ ጥፋት የለባትም። ስሯ የላቲን ነው፣ ጋሪ ላይ መጫን ማለት ነበር፣ በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ዞራ ነው እንግሊዝኛ የገባችው። ቦሌ ካርጎ የምንለው ካርጎ ዘመዷ ነው፣ ካሪካቸር የሚባለው አጋንኖ የሚሳል የሰው ስእልም እንደዛው፣ መልክን ከልክ በላይ ስትጭንበት ማለት ነው። እና ነገሩ ሁሉ ጭነት ነው፣ ሰው ላይ ዋጋ ስትጭንበት ክፍያ ሆነ፣ ወንጀል ስትጭንበት ክስ ሆነ፣ ስራ ስትጭንበት ሃላፊ ሆነ «ኢን ቻርጅ» ተባለ። ጠመንጃ ላይ የሚጨመረው ባሩድም ቻርጅ ነው፣ እኛ ጠመንጃ ማጉረስ የምንለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እነ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክን ሲመረምሩ ቋንቋውን የወሰዱት ከዚሁ ከመድፍና ከጠመንጃ ቤት ነው ይባላል፣ ባትሪ የሚለውም እኮ ከዛ በፊት ተደርድሮ የቆመ መድፍ ነበር። ፈረሰኛ ጋልቦ ጠላት ላይ ሲገባም ቻርጅ ነው።

እኛም እኮ ጫነ አለን። አህያ ይጫናል፣ ፈረስ ይጫናል (ይሄኛው ኮርቻ ነው)፣ ግብር ይጫናል፣ አፕ ስልክ ላይ ይጫናል፣ ቄስ ለመባረክ እጅ ይጭናል፣ ስልክ ስትደውል «አማርኛ ከፈለጉ አንድን ይጫኑ» ይልሃል። አንድም አማርኛ ተናጋሪ ግን ፈረስ ጫንኩ ሲባል አፕ የሚመስለው የለም፣ ምክንያቱም ቃሉ ከነ ዘመዶቹ ነው የሚመጣው። ቻርጅ ግን እኛ ጋ ብቻዋን ነው የመጣችው፣ ዘመዶቿ እዛው ቀርተዋል፣ አንባቢው በምን ይለያት?

ምግብ ቤት ገብታችሁ ሜኑ ላይ 500 ብር ያያችሁት ምግብ ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ከዛ ላይ ቫት 15 በመቶ ሲደመርበት 632 ብር ከ50 ይሆናል፣ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው «የስልክ ቻርጅ እኮ አልጠየቅኩም» ብለው አስተናጋጁን ሲሟገቱት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአገልግሎት ክፍያ ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል? ሆስፒታልም እንደዛው ነው። ዲስቻርጅ ማለት ማራገፍ ነው ነገሩ፣ ግን እዛው አንድ ክፍል ውስጥ በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣም ዲስቻርጅ፣ ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽም ዲስቻርጅ፣ አስታማሚዋ «ዲስቻርጅ አለው» ሲባል ልብስ መሸከፍ ጀመረች ብላ አንዲት ነርስ አጫውታኛለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የክሱ ነገር ነው። ህገ መንግስታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ክሱ በበቂ ዝርዝር እንዲነገረውና በጽሁፍ እንዲሰጠው መብት አለው ይላል፣ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ካልገባው በመንግስት ወጪ ይተረጎምለታል ይላል። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ህጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። የ1954ቱ የወንጀል ስነ ስርአት ህግም የሚለው ክስ ነው። ክስ ሁለት ፊደል ናት፣ ያልተማረ ሰው ሰምቶ ይደነግጥባታል፣ መደንገጥም አለበት። «ሶስት ቻርጅ ቀረበበት» ብላችሁ ስትጽፉ ግን ሰውየው ይታሰር ይክፈል አይታወቅም። የድሮ ተርጓሚዎቻችን ሻርዥ ዳፌር የሚለውን ፈረንሳይኛ ጉዳይ ፈጻሚ ብለው አስቀመጡት፣ በቃ ጥርት ያለ ነገር፣ እስከዛሬ እንሰራበታለን።

ለመብራቱ ግን ቻርጅን ተዉት እላለሁ። መሙላት የሚሉ አሉ፣ ችግሩ «ስልኬን ሞላሁ» ካልክ ሰው ሁሉ የሚገባው ካርድ ነው። 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ከተማው ሙሉ ታክሲ ነጂው ሁሉ ቻርጅ አደረግኩ ነው የሚለው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ስፍራዋን ይዛለች። ሌላውን ግን ክስ፣ ክፍያ፣ ሃላፊ እያላችሁ በየቦታው ጻፉልን።

እንዲህ አይነት ቃላት በየአመቱ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፣ ቻርጅ ብቻውን አራት ገጽ ነው፣ ከነምሳሌው። ለሪፖርተሮቻችሁ ይጠቅማል ካላችሁ ኮፒ አድርጌ ቢሯችሁ ድረስ አመጣላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከልደታ