ለይልማ፣ ስለ ማህሌት ማመልከቻ

ይልማ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ድምፄን ስላጠፋሁብህ ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ስንገናኝ አወራሃለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የማህሌት ነገር ነው። እህትህን እዚህ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ አግኝቻት፣ ማህሌትን አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንደተቀበላት ነገረችኝ። እሰይ! የልፋትህን ዋጋ አየህ። ግን ወዲያው «ባሬት የሚሉት የኦነርስ ኮሌጅ ማመልከቻ ይቀራል፤ ይልማ ግን ያው ማዕረግ ነው፣ ነጥቧ ካማረ ራሱ ይመጣል ይላል» ስትለኝ ልቤ አላረፈም።

ራሱ አይመጣም፣ ይልማ። እኛ ዘንድ የምረቃ ማዕረግ ባመጡት ነጥብ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ነው። ባሬት ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላቅ ያለ ትምህርትና ምርምር ለሚፈልጉ ተማሪዎች የተቋቋመ ኮሌጅ ነው፣ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት ማለት ባሬት ተቀበላት ማለት አይደለም። ከገባች በኋላ ለዲግሪው ከሚያስፈልጓት 120 ክሬዲቶች 36ቱን በኦነርስ ደረጃ መውሰድ አለባት። 36ቱ እዚያው 120ው ውስጥ የሚቆጠሩ እንጂ የሚደመሩበት አይደሉም፤ በደንብ ካቀደች ተጨማሪ ዓመት አያስወጣትም። ስትመረቅ አጠቃላይ ነጥቧ ከ4.0 ቢያንስ 3.25 መሆን አለበት፤ ከዚያ ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት፣ ጽፋ በመምህራን ፊት ትከላከላለች። ሰው «የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኦነርስ ኮሌጅ፣ ሽሬየር፣ ግን 3.4 ነው የሚጠይቀው» ቢልህ እውነቱን ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው፣ የአንዱን ለሌላው አትውሰድ።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና «ዘ ሂውማን ኢቨንት» የሚባለው ኮርስ ነው። ሁለት ሴሚስተር ይወስዳል፤ ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበው ጥንታዊና ዘመናዊ ጽሑፎች እያነበቡ ይከራከራሉ፣ ድርሰት ይጽፋሉ። የእኛ ጎበዝ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ነው። ቁጭ ብሎ ማዳመጥና ማስታወሻ መያዝ አይበቃም፤ መናገርም ነጥብ አለው። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት አሜሪካ ውስጥ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት አንዱ ፍራንክ አይደሎት ነው፤ ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ስዋርዝሞር ኮሌጅ ውስጥ ይህን ጀመረ። የፈለገውም ተማሪው የመምህሩን ቃል መድገም ትቶ ራሱ እንዲያስብ ነበር። ማህሌትን ከአሁኑ አንድ ጽሑፍ አስነብባትና ማታ ማታ ተከራከራት። አንተ መሸነፍ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ለልጅህ ስትል አንዳንዴ ተሸነፍላት።

ሌላው ውል ነው። ተራ ኮርስ ይዛ ከመምህሩ ጋር ተጨማሪ ሥራ ከተስማማች ኮርሱ በኦነርስ ይቆጠርላታል። ስምምነቱ ግን ሴሚስተሩ እንደጀመረ መመዝገብ አለበት። ብዙ ተማሪ መምህሩ በቃል እሺ ስላለው ብቻ ሥራውን ይሠራል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን መዝገብ ላይ የሌለ ሥራ አይቆጠርም።

ከሁሉ የማስበው ስለ ቴሲሱ ነው። ተማሪ ከኦነርስ የሚወጣው በአብዛኛው ነጥብ አንሶት አይደለም፤ አማካሪ የሚሆነው መምህር ሳያገኝ አራተኛ ዓመት ስለሚደርስበት ነው። በዚያን ጊዜ ክሬዲቱ ቢሟላላትም ላቦራቶሪ ወይም መረጃ ለማግኘት ጊዜው አልፏል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የምትወደውን ኮርስ መምህር ቢሮው ሄዳ ታናግር፤ የምርምር ቡድን ካለው ትግባ፤ ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ርዕስና አማካሪ ይኑራት። «ጥሩ ነጥብ አለኝ፣ አማካሪ ይሁኑኝ» ብላ ኢሜይል ብትልክ የሚመልስላት ጥቂት ነው፤ የመምህሩን አንድ ጽሑፍ አንብባ ስለ እሱ ጥያቄ ብታነሳ ግን ያነጋግራታል።

አሁን ወደ ማመልከቻው። በአሪዞና እኩለ ሌሊት ይዘጋል ከተባለ፣ በእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። እናንተ ሰንዳፋ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ሦስት ቀን ቀድማ ትላከው። ስሟ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ይጻፍ። የልደት ቀኗ በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ። ከመቶ የተሰጠ ውጤቷን ራሷ ወደ 4.0 አትቀይር፤ እንዳለ ይሂድ።

ድርሰቱን በተመለከተ… እንዴት ልበልህ፣ እስክሪብቶህን አርቅ። ሰዋስው ማረም መብትህ ነው፤ የአንተን ዓረፍተ ነገር ማስገባት ግን ይጎዳታል። ማንበብ የሚፈልጉት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንዴት እንደምታስብ ነው። «አገሬን መርዳት እፈልጋለሁ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። እሷ የሚከነክናትን አንድ ጥያቄ ታንሳ፤ ጥያቄው ከየት እንደመጣባት፣ ምን እንዳነበበችበት፣ የት ላይ እንዳልገባት ትጻፍ።

ይህንን ማንሳት ከበደኝ፣ ግን ዝም ልል አልችልም፦ ገንዘቡስ? ባሬት በየሴሚስተሩ ከትምህርት ክፍያው ሌላ የራሱ ክፍያ አለው። ስኮላርሺፑ ይሸፍነው እንደሆነ፣ ካልሸፈነም የማደሪያው ዋጋ ተጨምሮ ስንት እንደሚሆን ማህሌት ራሷ ለፋይናንስ ቢሮው ጽፋ በጽሑፍ ታስመልስ። መልሱ ካስደነገጣችሁ አብረን እንቀመጣለን እንጂ ብቻህን ወስነህ አትተወው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የመቀበያ ደብዳቤውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የጀመረችውን ድርሰት ይዛ ትምጣ፤ አንተም ና። ለወይዘሮ አስቴር ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ፣
ግርማ