ክፉዋ ሱላ ብቻ ናት ወይ?

ለምወድሽ ልጄ፣

በስልክ ስለ «ሱላ» ስናወራ «እማዬ፣ እንዲህ ያለች ክፉ ሴት በመጽሐፍም አላየሁ» ብለሽኝ ነበር። ከልብ ጓደኛዋ ከኔል ባል ጋር ተኝታለች፤ አያቷን ኢቫን መጦሪያ ቤት አስገብታለች፤ እናቷ በእሳት ስትጋይ ቆማ አይታለች። አልክድም። ግን አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው ይህ ልብ ወለድ ክፋትን በአንዲት ሴት ላይ ጭኖ አያልፍም።

እስቲ የወንዙን ዳር እንደገና አንብቢው። ዘመኑ 1922 ነው፤ ሱላና ኔል ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። ሱላ ትንሹን ቺክን ሊትልን እጆቹን ይዛ ታሽከረክረዋለች፤ ልጁ እየሳቀ ከእጇ ያመልጥና ውሃው ይውጠዋል። አምርራ የምታለቅሰው ሱላ ናት። ኔል መጀመሪያ የሚያሳስባት ሰው አይቷቸው እንደሆነ ነው፤ ጓደኛዋን የምታባብለውም እርሷ ናት። ሁለቱም ዝም ይላሉ። በ1965 አሮጊቷ ኢቫ «ያንን ልጅ እንዴት ገደልሽው?» ብላ ኔልን ስትጠይቃት፣ ኔል «ሱላ ናት» ትላለች። ኢቫ ግን «አንቺም ቆመሽ ታዪ ነበር» ትላታለች። ኔል ወደ ራሷ ስትመለስ፣ የልጁ እጅ ሲያመልጥ ደስ የሚል ስሜት ተሰምቷት እንደነበር ታስታውሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨዋ ስትባል የኖረችው ሴት ናት ይህን የምታስታውሰው!

የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ክፋትን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። ሱላን ርኩስ ቢሏትም አላባረሯትም፤ ክፉን ነገር እንደ ጎርፍና እንደ በሽታ ችለው ያሳልፉታል። እርሷን እየጠሉ ባሎቻቸውን ማክበር፣ ልጆቻቸውን መንከባከብ ጀመሩ። ስትሞት ግን ወደ ቀድሞ ግዴለሽነታቸው ተመለሱ። ደግነታቸው በእርሷ ላይ የተደገፈ ነበር ማለት ነው።

የኢቫን ነገር ገና አልጨረስኩም። በሄሮይን ሱስ ተይዞ ከጦርነት የተመለሰ ልጇን በጋዝ ለኩሳ አቃጠለችው። ያቺው ሴት ሌላ ልጇ፣ የሱላ እናት፣ በእሳት ስትያያዝ ልታድናት ባንድ እግሯ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ዘለለች። እናት ነኝና ሁለቱንም ገጾች ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ፍቅር ነው የምትይኝ ከሆነ እሟገትሻለሁ፤ ክፋት ነው ካልሽኝም እንደዚያው።

ስለ ጓደኝነታቸው ግን አልጠራጠርም። ኔል ለዓመታት ደረቷን የተጫናት የባሏ መሄድ ይመስላት ነበር። የናፈቀችው ሱላን መሆኑን የተረዳችው ከሱላ መቃብር ስትመለስ ነው። ሱላም ነፍሷ ስትወጣ የመጨረሻ ሐሳቧ፣ ሞት እንደማያም ለኔል መንገር ነበር። ባሏን የወሰደችባት ያቺው ሱላ! የኔልን ቁስል አላቃልልም፤ እኔም ብሆን ይቅር ማለት ይከብደኝ ነበር።

ኔል ታማ የተኛችውን ሱላን ልትጠይቅ ሄዳ መድኃኒት ከገዛችላት በኋላ፣ ሱላ «ከሁለታችን ደጓ አንቺ መሆንሽን በምን አወቅሽ?» ትላታለች። ኔል መልስ ሳትሰጥ ወጣች። አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺላት ነበር? በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኪልኝ፤ ደጋግሜ ላነበው እፈልጋለሁ።

እናትሽ