የታሪክና አርኪዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የመረጠው ርእስ ዕፅዋትንና እንስሳትን ማላመድ የጥንቱን ማኅበረሰብ እንዴት እንደለወጠ የሚመረምር ነበር። በመማሪያ መጽሐፉ ከአንዲት አንቀጽ ያላለፈ ጉዳይ ዓመት ሙሉ ሊያነጋግር አይገባም ያሉን ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከ10,000 ዓመታት በፊት ገደማ እህል እየዘራ፣ ፍየልና በግ እያረባ መኖር መጀመሩ ቋሚ መንደርን፣ ጎተራን፣ ቆይቶም ግብርንና ጽሕፈትን ያስከተለ በመሆኑ፣ ጊዜው አነሰን እንጂ አልተረፈንም።

የምርጫና የዕቅድ ስብሰባዎች በወቅታቸው ተካሂደዋል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አባላቱ የዱር ስንዴ ሲበስል ፍሬውን ከዛላው እንደሚያራግፍ፣ ሰዎች ግን ሳይረግፍ የቆየውን እያጨዱና መልሰው እየዘሩ፣ በብዙ ትውልድ ሂደት ያለ ሰው እጅ ዘሩን መበተን የማይችል እህል እንዳስገኙ አጥንተዋል።

ከሁሉም የማልረሳው የሙዚየም ጉብኝታችንን ነው። በግቢው ውስጥ ጎብኚዎች እንዲሞክሩት የተቀመጠ የድንጋይ ወፍጮ ነበር። በስብሰባ ላይ እምብዛም የማትናገር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ተንበርክካ መጁን ለረጅም ጊዜ ስትገፋ ቆየችና፣ «መምህር፣ ከክንዴ ይልቅ የእግሬ ጣቶች ናቸው ያመሙኝ» አለችኝ። በዛሬዋ ሶርያ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በነበረው ጥንታዊ መንደር በአቡ ሁረይራ፣ በተለይ በሴቶች አፅም ላይ የእግር አውራ ጣት፣ የጉልበትና የታችኛው ጀርባ ጉዳት መገኘቱንና ተመራማሪዎችም ከዕለት ተዕለት ወፍጮ ጋር እንዳያያዙት ለአባላቱ ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ ጎተራው ሲሞላ ድካሙ የማን ሆነ?» ብላ ጠየቀች። በመመለሻችን አውቶቡሱ ውስጥ የተነሣው ክርክር፣ ይህች ልጅ ስትመራው፣ በማስተማር ዘመኔ ከሰማኋቸው ሁሉ የላቀ ነበር።

በትምህርት ቤቱ ጓሮ የዘራነው ገብስ በውኃ እጦት ደርቋል። የውኃ ቧንቧው ኳስ ሜዳው ድረስ ተዘርግቶ እኛ መደብ አጠገብ ሲደርስ መቆሙን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

በመጪው ዓመት ወደ እንስሳቱ እንሻገራለን። በኢራን ዛግሮስ ተራሮች፣ በጋንጅ ዳሬህ የተገኙት የፍየል አጥንቶች ወጠጤዎቹ በለጋነታቸው ይታረዱ፣ ሴቶቹ ግን ለመራቢያ ይቆዩ እንደነበር ስለሚያሳዩ፣ አባላቱ ዕድሜንና ጾታን ከአጥንት መለየትን እንዲለማመዱ የአጥንት ሞዴሎችና አጉሊ መነጽሮች ያስፈልጉናል። አስተዳደሩና የወላጆች ኮሚቴ በጀቱን ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ቢፈቅዱልን፣ ልምምዱን በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንጀምራለን።