ተሠርቶ ስለሚመለስ የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

አንድ አሠራር ስለቀየርን ነው የምንጽፍላችሁ። ከአሁን በኋላ ተሠርቶ የተመለሰ የኤሌክትሪክ ብልሽት ይዛችሁ ስትመጡ፣ ዕቃ ከመቀየራችን በፊት መኪናው ቢያንስ አንድ ቀን እኛ ጋ ይውላል። የፍተሻውንም ሥራ ለብቻው እናስከፍላለን። አንዳንዶቻችሁ «ዲናሞውን ብቻ ቀይሩልኝና ልሂድ» ትሉናላችሁ። ችኮላችሁ ይገባናል፤ መኪና ሲቆም ሥራም ይቆማል። እንቢ የምንልበትን ምክንያት ግን ልናስረዳችሁ ይገባል።

ነገሩ የጀመረው ከራሳችን ስህተት ነው። በዳዬ መስመር የሚሠራ አንድ ፒክአፕ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ ነበር የሚነሳው። ባትሪ ቀየርን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ቀየርን። አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ዕቃውን ትተን መብራቱን ሁሉ አብርተን ለካን። ዲናሞው ራሱ ላይ 14.2 ቮልት አለ፤ ባትሪው ላይ ግን 13.4 ብቻ። 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የቀረው ደግሞ ሞተሩን ከሻንሲው በሚያገናኘው የማሳ ካቦ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ የኔጋቲቭ ገመድ) ላይ ነበር። ቡሎኑ ጥብቅ ነው። ነገር ግን መኪናው ቀለም ሲቀባ ከሥሩ ያለው ብረትም አብሮ ተቀብቷል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ አጥብቀን፣ ግሪስ ቀባነው። አለቀ። ያወጣነው ዲናሞ ደህና ነበር። የሠራንበትን ገንዘብ ለደንበኛው መልሰናል፤ የጠፋበትን ቀን ግን መመለስ አልቻልንም።

ትንሽ የሚመስል ነገር ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እናሳያችሁ። ሞተሪኖ፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ የዲዝል ሞተር ሲያስነሳ 200 አምፔር ቢስብ፣ ማሳው ላይ ያለ የአንድ መቶኛ ኦም እንቅፋት ብቻውን 2 ቮልት ይበላል። ከ12 ቮልት ላይ 2 ሲቀነስ ሞተሪኖው ያቃስታል። ይህን ካቦ መኪናው ጠፍቶ ሳለ በቴስተር ኦም ብትለኩት ግን ደህና ይመስላል። ከውስጡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ብቻ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ጢጥ ይላል። ለዚህ ነው ሞተሪኖው እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ የምንለካው። ጊዜ የሚወስደውም ይኸው ነው።

ኮረኮንችና ጭቃ ላይ የሚውል መኪና ደግሞ የባሰ ፈተና አለበት። ንዝረቱ ሽቦውን ከብረት ጋር እያፋተገ ልባሱን ይበላዋል። ወንዝ ስታቋርጡ የጋለ መብራትና ሶኬት በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውኃ ይስባል። ከወራት በኋላ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል። ብልሽቱ ያኔ ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠፋል፣ ሲዘንብ ይመለሳል። እኛ ጋ ስትደርሱ «ደህና ሆነ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። በነገራችን ላይ ላቫጆ ስታስገቡ ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ አታስመቱ። እባካችሁ። ከወንዝ የተረፈው ሶኬት ላቫጆ ላይ ውኃ ይጠጣል።

ፊውዝ ላይ ግን አንደራደርም። የ10 አምፔር ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በ30 እንድንተካው ወይም የሲጋራ ፎይል እንድንጠቀልልበት የጠየቁን አሉ። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በ30 ከተካችሁት ቀጥሎ የሚቃጠለው ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ ከዚያም መኪናው። አናደርገውም፤ ብትቆጡንም አናደርገውም።

ተጨማሪ መብራት፣ ዊንች ወይም የመገናኛ ሬዲዮ ያስገጠማችሁም ንገሩን። ብዙ ጊዜ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ (ብዙ አምፔር የሚችል፣ በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ማብሪያ) በቀጥታ ተቀጥለው እናገኛቸዋለን። ሁለት ባትሪ ያላቸው የ24 ቮልት መኪኖች ላይ ደግሞ 12 ቮልት ለማግኘት ሬዲዮውን ከአንዱ ባትሪ ብቻ የሚስቡ አሉ። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ቻርጅ ይሆናል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። መፍትሔው 24ቱን ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው።

ራሳችሁ የምታዩት ምልክትም አለ። ፍሬን ስትረግጡ የኋላ ፍሬቻው አብሮ ከበራ፣ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት የፋናሉን (የኋላ መብራቱን ቤት) ማሳ አስፈትሹ። ሻንሲ ስታስበይዱ ደግሞ አስቀድማችሁ ባትሪውን አስፈቱ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን።

ስትመጡ ሦስት ነገር ብትነግሩን ግማሹን ሥራ ታግዙናላችሁ፦ ችግሩ መቼ ታየ፣ መንገዱ ምን ዓይነት ነበር፣ ምን ምን በርቶ ነበር። በስልክ ቪዲዮ ከቀረጻችሁት የበለጠ ነው። የወጣውንም አሮጌ ዕቃ አትጣሉት፤ ይዛችሁት ኑ።

ጠዋት የማይነሳ መኪና ከሆነ ከዋዜማው ማታ አምጡትና እኛ ጋ ይደር። ሞተሩ ሳይሞቅ ልናየው እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
ሐዋሳ