ስቱፓ ለዓይን ብቻ አልተሠራም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የቡድሂዝም የአምልኮ ሕንፃዎች በጋዜጦችና በመጽሔቶች የባህል ዓምዶች ላይ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ውበታቸው፣ ዕድሜያቸውና ግዝፈታቸው ነው። ይህ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ጉዳይ ያስቀራል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እነዚህ ሕንፃዎች ሃይማኖታዊ ትርጉማቸውን ከአገር አገር ያሻገሩት ከመልካቸው ይልቅ ወደ እነርሱ የመጣው ሰው በአካሉ እንዲፈጽም በሚጠይቁት ሥርዓት ነው።

በማዕከላዊ ህንድ፣ በሳንቺ የሚገኘው ታላቁ ስቱፓ ለዚህ ምስክር ነው። መጀመሪያ ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነገሠው አሾካ ሲሆን፣ በኋላ ተስፋፍቶ በድንጋይ ተለብጧል። ስቱፓ በመሠረቱ ቅዱስ አጽም ለማኖር የታሰበ ድፍን ጉብታ በመሆኑ ሰው የሚገባበት አዳራሽ የለውም፤ ተሳላሚው ሕንፃውን በቀኙ አድርጎ ይዞረዋል፣ ጸሎቱም ይኸው ዑደት ነው። በአራቱ በሮች ቅርጻ ቅርጾች ላይ ቡድሃ በሰው መልክ አይታይም፤ ባዶ ዙፋን፣ የእግር አሻራ ወይም ከሥሩ ተቀምጦ ወደ ፍጹም ንቃት የደረሰበት ዛፍ ይወክሉታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ባዶ ስፍራን እንዲህ አድርጎ ማናገር የቻለ ጥበብ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ይህ ሕንፃ ወደ ቻይና ሲገባ በዚያ ከነበሩት ባለ ብዙ ፎቅ ማማዎች ጋር ተዋህዶ ፓጎዳ ሆነ። በጃፓን የሚገኘውን የሆርዩጂ ቤተ መቅደስን ባለ አምስት ፎቅ የእንጨት ፓጎዳ ከሳንቺው ጉብታ አጠገብ ብናቆመው ዝምድናቸው በዓይን አይለይም፤ ነገር ግን ከፓጎዳው መካከለኛ ምሰሶ ሥር ቅዱስ አጽም ተቀምጧል፣ ጫፉ ላይ የተደረደሩት የብረታ ብረት ቀለበቶችም ከጥንቱ ስቱፓ የክብር ጃንጥላ የወረዱ ናቸው። በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተገነባው የቡድሂዝም የአምልኮ ሕንፃ ቦሮቡዱር ደግሞ ዑደቱን ወደ ላይ የሚወጣ ጉዞ አደረገው። ተሳላሚው በታችኞቹ አራት ማዕዘን እርከኖች በግድግዳ ተከልሎ፣ የተቀረጹትን ታሪኮች እያነበበ ይዞራል፤ ሦስቱ ክብ እርከኖች ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳውም ታሪኩም ያበቃሉ፣ ሰማዩ ይከፈታል፣ በ72 ቀዳዳማ ስቱፓዎች ውስጥ የተቀመጡት የቡድሃ ሐውልቶችም በከፊል ብቻ ይታያሉ። ከሚታየው ወደማይታየው መሻገርን ማንም ሳይሰብከው በእግሩ ይማረዋል።

በዘመናችን ይህን ምንነት የተረዱ የጥበብ ሰዎች አሉ። ባለቤቱን በካንሰር ያጣው የታይላንዱ ሞንቲየን ቡንማ በመድኃኒት ዕፅዋት ሽታ የተሞሉ፣ ተመልካቹ ገብቶ የሚቆምባቸው ሥራዎችን ሠርቷል። የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ታዳኦ አንዶ በ1991 እ.ኤ.አ. በጃፓን አዋጂ ደሴት በተጠናቀቀው ቤተ መቅደስ ላይ ጣሪያውን የሎተስ አበባ ኩሬ አድርጎታል፤ ምእመኑ ኩሬውን በሚሰነጥቅ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ ደግሞ መሬትን፣ ውሃን፣ እሳትን፣ ነፋስንና ህዋን በአምስት ቅርጾች የሚወክለውን የጃፓን የድንጋይ ስቱፓ በብርጭቆ ሠርቶ፣ ውሃን በምትወክለው ሉል ውስጥ የራሱን የባሕር ፎቶግራፍ አኑሯል። ተመልካቹ ባሕሩን ለማየት መቅረብ፣ ማጎንበስና ጸጥ ማለት ይኖርበታል።

ከሐውልት ተቆርጦ የተወሰደን የቡድሃ ራስ የእንግዳ መቀበያ ጌጥ ማድረግን ከእነዚህ ሥራዎች እኩል የቡድሂዝም ጥበብ «ተጽዕኖ» ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። የማያምን ተመልካች የምእመኑን ያህል ትርጉም ላያገኝ ይችላል፤ ቢሆንም መንገዱ ከተጠበቀለት ቢያንስ ምን እንደተጠየቀ ያውቃል። ስለዚህ የባህል ዓምዳችሁ ስለ እነዚህ ሕንፃዎች ወይም ከእነርሱ ስለተወለዱ የጥበብ ሥራዎች ሲጽፍ፣ ከቁመታቸውና ከዕድሜያቸው በተጨማሪ ሰው በየት ገብቶ ወዴት እንደሚዞርና የት ላይ እንደሚቆም እንዲገልጽልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣው አንባቢ